11 ኔትሱኬ፣ ሁለት የመስታወት ሳጥን፦ እንዴት አድርጌ ላሳያቸው?

ትንሿ ጥንቸል፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የምትጽፉትን ማንበብ ብቻ ነበር ሥራዬ። ዛሬ ግን ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ብቅ ብያለሁ።

በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ የሰበሰብኳቸው 11 ኔትሱኬዎች አሉኝ። ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ኪሞኖ ኪስ የለውም። ስለዚህ በኤዶ ዘመን፣ ከ1603 እስከ 1868 ባለው ጊዜ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ የጃፓን ወንዶች የትምባሆ ከረጢታቸውን፣ የገንዘብ ቦርሳቸውን ወይም ኢንሮ የሚባለውን ተደራራቢ የመድኃኒት ሳጥን በክር አስረው ከወገባቸው ያንጠለጥሉ ነበር። ክሩ ኦቢ በሚባለው መቀነት ሥር ያልፍና ከላይ ብቅ ይላል። እዚያ ጫፉ ላይ የሚታሰረው፣ ክሩ ሾልኮ እንዳይወርድ የሚይዘው ትንሽ ቅርጽ፣ ኔትሱኬ እሱ ነው። "ኔ" ሥር ማለት ነው፣ "ትሱኬ" ደግሞ ማያያዝ። አብዛኞቹ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ነው። በዚያች መጠን ላይ ግን የአይጥ ጢም ሳይቀር ተቀርጾ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አንድ ቤተ መጻሕፍት ለአንድ ወር ሁለት የመስታወት ሳጥን ሊሰጠኝ ተስማምቷል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ባለፈው እሑድ ለሙከራ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አየኋቸው። አላማሩኝም! የመጫወቻ መደብር መስኮት መሰሉ። በእጄ ይዤ ሳገላብጣቸው የሚሰማኝ ነገር ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

ሰባቱ ትሱጌ ከሚባለው ጠንካራ ቢጫ እንጨት ናቸው። ሁለቱ የዝሆን ጥርስ፣ አንዱ የአጋዘን ቀንድ። አስራ አንደኛዋ "ቶሞካዙ" የሚል ፊርማ ያለባት አይጥ ናት፤ እንጨት ትመስላለች፣ ግን ሰሞኑን ልቤ እየጠረጠራት ነው።

እስቲ ምከሩኝ። ሁሉንም ላውጣ ወይስ ልምረጥ? አይጧን ላካትት? የዝሆን ጥርሶቹን ማሳየትስ ችግር ያመጣብኝ ይሆን? መብራቱስ? የቤተ መጻሕፍቱ ሳጥኖች ከውስጥ አምፖል አላቸው።


ቀንድና እንጨት፦

እንኳን ብቅ አልሽ እህቴ። መሰብሰብ ከጀመርኩ 30 ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። ያንቺ ጥያቄ አንድ ሰሞን የእኔም ጥያቄ ነበር፤ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁና ታገሺኝ።

ያላማሩሽ ፊታቸውን ብቻ ስላየሽ ነው። የጠረጴዛ ሐውልት ፊት ለፊት እንዲታይ ይሠራል፣ ሥሩን ማንም አያየውም። ኔትሱኬ ግን የሚንጠለጠል ዕቃ ነው፣ ይዞራል፣ ይገለበጣል፣ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ሲያወራ በጣቱ ይዳብሰዋል፤ ስለዚህ ጥሩ ቀራጭ ሆዱንና የእግሩን መዳፍ ከፊቱ እኩል ይጨነቅበታል። እኔ አዲስ ኔትሱኬ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ገልብጬ ነው የማየው። ፊቱን ኋላ እደርስበታለሁ።

አንዲት ጉርጥ አለችኝ። በተበጠሰ የገለባ ጫማ ላይ ቁጭ ብላለች። የኢሴ ያማዳ አካባቢ ሥራ ናት፤ እዚያ ማሳናኦ በሚል ስም የሚፈርሙ ቀራጮች ትውልድ በትውልድ ጉርጥ ሲቀርጹ ኖረዋል። ጀርባዋ ላይ ያሉት ኪንታሮት የመሰሉ እብጠቶች አንድ በአንድ ተጠርበው የወጡ እንዳይመስልሽ። ኡኪቦሪ ይባላል ዘዴው። ቀራጩ በዱልዱም መሣሪያ እንጨቱን እየተጫነ ነጥብ ነጥብ ያጎደጉደዋል። ቀጥሎ ዙሪያውን እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ይልገዋል። ከዚያ ውኃ ያስነካዋል። ተጨፍልቆ የነበረው እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጥና እንደ እውነተኛ የጉርጥ ቆዳ ብቅ ብቅ ይላል። እንጨቱ ራሱ ነው ሥራውን የሚጨርሰው።

አሁን ገልብጫት። ከጫማው ሥር ሁለት ቀዳዳ አለ። ሂሞቶሺ ይባላሉ፣ የክሩ መተላለፊያ ናቸው። አንዷ ምስር ታክላለች፣ ሌላዋ ከግማሿ ብዙ አትበልጥም። ትልቋ የክሩ ቋጠሮ ገብቶ የሚደበቅባት ናት። በሁለቱ መካከል ያለችው ድልድይ ጠርዟ ሟምቷል፣ ክሩ ስንት ዓመት እንደፈተጋት እሷ ታውቃለች። በአንድ ጎኗ በኩል የገለባው ፈትል ጠፍቶ ልሙጥ ሆኗል። ኪሞኖው ላይ የሚያርፈው ያ ጎን ነበር። ፊቷ ቆንጆ ነው፣ ታሪኳ ግን ከሥር ነው ያለው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፦ ሆዳቸውን አሳዪ። ወፍራም ጥርት ያለ ፕላስቲክ እንደ መደርደሪያ አድርጊና ከሥሩ ትንሽ መስታወት አጋድመሽ አስቀምጪ። ተመልካቹ ጎንበስ ሲል ቀዳዳዎቹንና ፊርማውን ያያል። ሁሉንም እንደዚያ ማድረግ አያስፈልግም፣ ለሦስት አራቱ ይበቃል። አጉሊ መነጽርም በክር አስረሽ ከሳጥኑ ጎን አንጠልጥዪ።

ሁለተኛ፣ 11ዱን አታውጪ። ሰባት ይበቃሉ፣ እንዲያውም ስድስት። ትናንሽ ነገሮች ሲጠጋጉ ዓይን አንዱንም አይይዝም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። አንዱን በሥራ ላይ አሳዪው። ቁራጭ የኦቢ ጨርቅ ፈልጊ፣ በአንድ ክብ እንጨት ላይ ጠቅልዪው። ኔትሱኬው ከላይ፣ ክሩ ከጨርቁ ኋላ ወርዶ፣ ከታች ኢንሮ ወይም ተራ ከረጢት። መካከል ላይ ኦጂሜዋን አትርሺ፣ ክሩ ላይ ወደላይና ወደታች እየተንሸራተተች ኢንሮውን የምትዘጋውና የምትከፍተው ዶቃ። ሰው ይህን ሳያይ ኔትሱኬ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ብታስረጂው ገጽ ሙሉ ብትጽፊም አይገባውም። ካየው በኋላ ግን የቀሩትን በሌላ ዓይን ነው የሚያያቸው፤ ለምን ሾጣጣ ነገር እንደሌላቸው፣ ለምን የበሬው እግር ከሆዱ ሥር እንደታጠፈ፣ ለምን የአይጧ ጅራት በሰውነቷ ዙሪያ እንደተጠመጠመ በራሱ ይገባዋል። ልብስ ላይ የሚቀረቀር፣ ቢጫኑት የሚሰበር ነገር ሊኖር አይችልማ።

አሁን ስለ አይጧ። ቶሞካዙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጊፉ የኖረ፣ በእንጨት እንስሳቱ የታወቀ ቀራጭ ነው፤ ስሙ ደግሞ በብዙ ሰው እጅ ተጽፏል። ፊርማ ላይ አትንጠልጠዪ። ተማሪዎች በመምህራቸው ስም መፈረማቸው የተለመደ ነበር፣ ነውርም አልነበረም። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ድንቅ ሥራዎች ብዙዎቹ ደግሞ ጭራሽ ፊርማ የላቸውም። የሐሰት ሥራም የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በ1781 ኢናባ ትሱርዩ የሚባል የኦሳካ ሰው ስለ ሰይፍ ጌጣጌጥ ሶከን ኪሾ የተባለ መጽሐፍ ሲያሳትም ከ50 በላይ የኔትሱኬ ቀራጮችን ጠቅሷል። የኪዮቶው ቶሞታዳ በሬዎች በጣም ተፈላጊ ስለሆኑ አስመስሎ የሚሠራባቸው እንደበዛ ያኔውኑ ጽፎታል። ይህን እያወቅኩ እኔ ራሴ ስድስተኛ ዓመቴ ላይ "ቶሞታዳ" የሚል በሬ በብዙ ገንዘብ ገዛሁ። ሻጩ ታሪክ አወራኝ፣ ታሪኩን ገዛሁ። ቤት ወስጄ ስገለብጠው ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል፣ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ። አንድም ቀን ክር አልገባባቸውም። ያን ቀን የተሰማኝን እስካሁን አልረሳውም።

ስለዚህ አይጧን ጥሩ ብርሃን ላይ ውሰጂና በአጉሊ መነጽር እያት። ቀዳዳዎቹን፣ ከፍ ከፍ ያሉት ቦታዎች ከጎድጓዳዎቹ ይልቅ መለስለሳቸውን፣ ቀለሙ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መሆን አለመሆኑን። በሆዷና በጅራቷ ሥር ቀጭን የስፌት መስመር የሚመስል ነገር ካለ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ሬዚን፣ ማለትም ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው። ድንገት ሰው በጋለ መርፌ ውጊያት ቢልሽ እሺ እንዳትዪ! እውነተኛ ከሆነች ቁስሉ ይቀርባታል።


ጥላና እርጥበት፦

የምሠራው ቅርስ ጥገና ላይ ነው። ጋሽ ቀንድና እንጨት ባለው ሁሉ እስማማለሁ። እኔ የሳጥኑን ጉዳይ ብቻ ልጨምር።

የውስጡን አምፖል አጥፊው። ይህ ድርድር የለውም። የዝሆን ጥርስ እርጥበት የሚስብና የሚተፋ ነገር ነው፣ እንጨትም እንደዚያው። የተዘጋ ሳጥን ውስጥ አምፖል ሲበራ አየሩ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ ማታ ሲጠፋ ይመለሳል። በየቀኑ ያበጠና የኮሰሰ ጥርስ መጨረሻው ስንጥቅ ነው። ብርሃኑ ከውጭ፣ ከላይ በሰያፍ ይምጣ፤ ኤልኢዲ ይሁን። ቀለም የተቀባ ወይም ላከር፣ ማለትም ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ የሚያብረቀርቅ ቅብ ያለበት ካለሽ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አታሳልፊ። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ደግሞ በጭራሽ።

የእርጥበቱን መጠን ከ45 እስከ 55 በመቶ መካከል ያዢው። ከቁጥሩ በላይ ግን አለመዋዠቁ ነው ዋናው። ብዙ ሰብሳቢዎች ሳጥኑ ጥግ ላይ ውኃ ያለበት ትንሽ ብርጭቆ ያስቀምጣሉ፣ ለቤት ክፉ አይደለም። የሕዝብ ቦታ ላይ ግን ሳጥኑን አንድ ሰው ገፋ ካደረገው ውኃው ይደፋል። ቀድሞ ለሚፈለገው እርጥበት የተስተካከለ ሲሊካ ጄል፣ ማለትም እርጥበት የሚመጥና የሚመልስ ፍሬ ፍሬ ነገር ይሻልሻል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያም ውስጡ አስቀምጪ።

ጎማ ነክ ነገር እንዳይነካቸው፣ ጥርስ ላይ የማይለቅ እድፍ ይተዋል። እንዳይንሸራተቱ ብለሽ በማስቲሽም እንዳታጣብቂያቸው። ከሥር የምታነጥፊው ጨርቅ ቀለሙ የማይለቅ ይሁን፤ ነጭ ወረቀት አርጥበሽ ጨርቁ ላይ አንድ ሌሊት ተጭነሽ አሳድሪው፣ ጠዋት ወረቀቱ ቀለም ከያዘ ጣዪው። ለማሳመር ብለሽ አትጠቢያቸው፣ ዘይትም አትቀቢያቸው። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። ከ100 ዓመት በላይ የሰው እጅ ያመጣውን ልስላሴ ሳሙና በአንድ ቀን ይወስደዋል።


የአናጢ ልጅ፦

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ መስታወት ነው። ትንሿ ጥንቸል "በእጄ ስይዛቸው የሚሰማኝ ነገር ጠፋ" ነው እኮ ያለችው! ለእሱ መስታወትና መብራት መልስ አይሆንም።

ኔትሱኬ በእጅ የሚታወቅ ጥበብ ነው። የባንክ ባለቤቶች ስለነበሩት አይሁዳውያን የኤፍሩሲ ቤተሰብ ሰምታችሁ ይሆናል። ሻርል ኤፍሩሲ በ1870ዎቹ ፓሪስ ውስጥ የገዛቸው 264 ኔትሱኬዎች ነበሩት። በኋላ በ1899 ቪየና ላለው ዘመዱ ለቪክቶር የሠርግ ስጦታ አድርጎ ላከለት። እዚያ የተቀመጡበት ቁም ሳጥን የቪክቶር ሚስት መልበሻ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ልጆቹ እናታቸው ስትለባብስ እያወጡ ይጫወቱባቸው ነበር። በ1938 ናዚዎች ገብተው ቤቱን ሲዘርፉ አና የምትባል የቤት ሠራተኛቸው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለች በሽርጧ ኪስ አወጣቻቸውና ፍራሿ ውስጥ ደበቀቻቸው። ሥዕሎቹና ሌላው ንብረት ተበታተነ፣ ኔትሱኬዎቹ ተረፉ። ኪስ ለሌለው ልብስ የተሠራ ዕቃ በሽርጥ ኪስ ዳነ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ከ2018 ጀምሮ አብዛኞቹ በውሰት በቪየና የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ።

ሐሳቤ ይህ ነው። ከሳጥኑ ውጪ አንድ የሚነካ ነገር ይኑር። ያንቺን አይደለም፣ አዲስ የተቀረጸ ተራ ነገር። ኔትሱኬ መቅረጽ አልሞተም እኮ። ሟቹ ልዑል ታካማዶ ከባለቤታቸው ከልዕልት ሂሳኮ ጋር የሰበሰቧቸው የዘመናችን ቀራጮች ሥራዎች ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም በየጊዜው እየተቀያየሩ ይታያሉ። ኪዮቶ ውስጥም በአሮጌ የሳሙራይ ቤት በ2007 የተከፈተው የሴይሹ ኔትሱኬ ሙዚየም አለ፣ እዚያም የአሁን ዘመን ሥራ በብዛት ነው። ከጀማሪ ቀራጭ አንድ ቀላል ማንጁ ብታገኚ፣ ማለትም እንደ ድፎ ክብና ጠፍጣፋ የሆነውን ዓይነት፣ ክር አስረሽበት ከመቀነት ጋር ጠረጴዛ ላይ ተዪው። ሰው ያንሳው፣ ይሰር፣ ይፍታ። ቢጠፋ እንኳ ሌላ ይተካል።

ጋሼ፣ "በሥራ ላይ አሳዪው" ያልከውን ወድጄዋለሁ። ግን ከመስታወት ጀርባ ያለ ሥራ ግማሽ ሥራ ነው።


ቀንድና እንጨት፦

እውነትህን ነው። እኔ ለዕቃው ስጨነቅ ሰውየውን ረሳሁት። ጠረጴዛው ላይ ያለው መጀመሪያ ይምጣ፣ ሳጥኖቹ ከዚያ በኋላ። እጁ ያወቀውን ዓይኑ ቶሎ ያገኘዋል።


ሚዛን፦

ስለ ዝሆን ጥርሱ ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልሞክር። በየአገሩ ሕጉ ስለሚለያይ ያንቺን አገር ሕግ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቂ። ጠቅለል አድርጌ ግን የምለው አለኝ።

የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ በ1989 በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተወስኖ በ1990 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ አገሮች የየራሳቸውን ጨመሩበት። የብሪታንያን ብንወስድ በ2018 የወጣው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በሰኔ 2022 ነው፣ ከሁሉም ጠበቅ ያለ ነው ከሚባሉት አንዱ ነው። ከ1947 በፊት ለተሠራና ጥርሱ ከ10 በመቶ በታች ለሆነ ዕቃ የሚፈቅድ አንቀጽ አለው። ሙሉ በሙሉ ከጥርስ የተቀረጸ ኔትሱኬ ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። ከ1918 በፊት የተሠራና እጅግ የላቀ የጥበብ ወይም የታሪክ ዋጋ ያለው መሆኑ ተመርምሮ ምስክር ወረቀት ካልተሰጠው፣ ለተፈቀደላቸው ሙዚየሞች ካልሆነ በስተቀር አይሸጥም። በጥር 2025 ደግሞ ሕጉ ወደ ጉማሬ ጥርስ፣ እንዲሁም ናርዋል፣ ስፐርም ዌልና ኦርካ ወደሚባሉት የባሕር እንስሳት ጥርስ ሰፋ።

ልብ በዪ ግን። ያ ሕግ የሚከለክለው መሸጥና መግዛትን፣ ማከራየትንም ነው። መያዝን፣ መውረስን፣ በስጦታ መስጠትን አይከለክልም፣ ያለ ክፍያ ማሳየትንም እንደዚያው። ድንበር ማሻገር ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለቱን እንዴት እንዳገኘሻቸው የሚያሳይ ወረቀት ካለሽ ኮፒውን አጠገብሽ ያዢ።

ከሕጉ ውጪ አንድ ነገር ልበል። ብታሳዪያቸው መግለጫው ላይ "የዝሆን ጥርስ" ብለሽ በግልጽ ጻፊው፣ አትሸፋፍኚው። የሚከፋው ሰው ይኖራል፣ መከፋቱም ተገቢ ነው፣ ዝሆን ሞቶበታል። እኔ ብሆን ሁለቱን ቤት ትቼ እንጨቶቹንና ቀንዱን ብቻ አወጣ ነበር። የተማርኩት ነገር ቢኖር ጥርስ የኔትሱኬ ዋና ነገር ነው የሚለው ስህተት መሆኑን ነው። ትሱጌ አለ፣ የአጋዘን ቀንድ አለ፣ ላከርና ሸክላም አለ። በኢዋሚ፣ በዛሬዋ ሺማኔ፣ ቶሚሃሩና ልጁ ቡንሾጆ (አዎ፣ ሴት ቀራጭ ናት፣ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ!) በከርከሮ ክራንቻ ላይ ሸረሪትና መቶ እግር ይቀርጹ ነበር። ክራንቻው ቆልማማ እንደሆነ ነው የሚተዉት። ነፍሳቱ ላዩ ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ።


ትንሿ ጥንቸል፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሼ ነው የከረምኩት።

አይጧን አየኋት። ጋሼ፣ ልክ ነህ። ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል ናቸው፣ ጠርዛቸውም ስለታም። ቡናማው ቀለም በጆሮዋ ጫፍና በእግሮቿ ስርጉድ ላይ አንድ ነው። ከጅራቷ ሥር ቀጭን መስመር አለች፣ ጥፍሬን ይዛ አስቀረችው። አንገቷ ጋ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታክል ክብ ጉድጓድ፣ የአየር አረፋ ትመስለኛለች። እንጨት አይደለችም። ለአራት ዓመት በጣም የምወዳት እሷ ነበረች። አለቀስኩ ብል አይገርማችሁ።

ሌላ ነገር ግን አገኘሁ። ሁሉንም መገልበጥ ስጀምር አንዲት ፊርማ የሌላት የተኛች ውሻ ላይ ደረስኩ። ከሁሉም ቀድሜ የገዛኋት፣ ፊርማ ስለሌላት ከመጀመሪያው ከዝርዝሩ ያስወጣኋት ናት። ቀዳዳዋ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ። ጠባቡ ጠርዝ ላይ ክሩ የቆፈራት ቦይ አለች፣ ጥፍር ብቻ የምታገኛት። የግራ ጎኗ የጎድን አጥንቶች በደንብ ይታያሉ፣ የቀኙ ጠፍተዋል። ቀኙ ነበር ማለት ነው ልብስ ላይ የሚያርፈው። ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራለች፣ ቀኝና ግራዋ እንደሚለያይ ያየሁት ትናንት ማታ ነው። የእግሮቿን መዳፍም አየሁ፣ አራቱም ከሆዷ ሥር ተሰብስበው፣ እያንዳንዱ ጣት ተለይቶ ተቀርጿል። ማንም ሊያየው በማይችልበት ቦታ!

ሚዛን፣ ምክርሽን ተቀብያለሁ፣ ሁለቱ ጥርሶች ቤት ይቀራሉ። የአናጢ ልጅ፣ የሚነካውን ነገር ቤተ መጻሕፍቱ ፈቅዶልኛል።

የቀረኝ ጥያቄ የአይጧ ነው። ልደብቃት?


ቀንድና እንጨት፦

አትደብቂያት። ገልብጠሽ፣ ሆዷ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከውሻዋ ጎን አስቀምጫት። ውሻዋም ተገልብጣ ትተኛ። ከሁለቱ መካከል አጉሊ መነጽሩን። መግለጫ ላይ አንዷ ክር የኖረባት፣ ሌላዋ ክር ያልገባባት መሆኗን ብቻ ጻፊ፣ የቱ የትኛው እንደሆነ ግን ሰው ራሱ ይፈልግ። እኔም ያቺን በሬዬን እስካሁን ያልጣልኳት ለዚሁ ነው፣ ለመሰብሰብ አዲስ የሆነ ሰው ቤቴ ሲመጣ መጀመሪያ የማስይዘው እሷን ነው።

ከጊዜ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ብታክዪበት ደስ ይለኛል። ከ1868 በኋላ ጃፓኖች እየዋሉ እያደሩ ኮትና ሱሪ ለበሱ። ኪስ መጣ። የትምባሆ ከረጢቱን ሲጋራ ተካው። ቀራጮቹ ለውጭ ገዢ መሥራት ጀመሩ፣ ብዙዎቹም ኦኪሞኖ ወደሚባለው የመደርደሪያ ጌጥ ዞሩ። አንዳንዱ ኦኪሞኖ ኋላ ላይ ቀዳዳ ተበስቶለት ኔትሱኬ ተብሎ ተሽጧል። ስለዚህ ቀዳዳ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ክሩ ሲሰቀል ቅርጹ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይቆማል ወይስ ይደፋል የሚለውን ክር አስገብተሽ ሞክሪው።


ትንሿ ጥንቸል፦

ውሻዋን አሁን ሞከርኳት። ቀጥ ብላ ተኛች፣ አፍንጫዋ ወደ እኔ!

በኦቢው ላይ የምትንጠለጠለው ጥንቸሌ ናት፣ ስሜን ያገኘሁባት። ኢንሮ ስለሌለኝ ከረጢት ነው የማደርግላት። ክሩን እንዴት እንደምቋጥረው ብቻ ንገሩኝ፣ ቋጠሮው ከሥር እያበጠ እንድትዘም አደረጋት።


ጥላና እርጥበት፦

የሐር ክር ይሁን፣ ቀጭን፣ ቀለሙ የማይለቅ። ሁለቱን ጫፍ ከከረጢቱ አምጥተሽ በኦጂሜዋ ውስጥ አብረሽ አሳልፊያቸው። ከዚያ አንዱን ጫፍ በጠባቡ ቀዳዳ አስገቢና በሰፊው አውጪው፣ እዚያ ከሌላኛው ጫፍ ጋር ቋጥሪያቸውና ትርፉን ቁረጪ። አሁን ክሩን ከጠባቡ በኩል ቀስ ብለሽ ሳቢው። ቋጠሮው ወደ ሰፊው ቀዳዳ ይገባል። እንቢ ካለ አታስገድጂው፣ ድልድይዋ ትሰበራለች፤ ፈትተሽ በቀጠነ ክር ድገሚው።


ትንሿ ጥንቸል፦

ገባ።